ጉልበታቸውን እንጂ ቃላቸውን ያልጠየቅናቸው፦ ወጣቶችና የከተማ አስተዳደር በደብረ ታቦር ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በ2017 ዓ.ም. የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ በጥቂቱ የታረመ። ዘመናቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ በሌላ አቆጣጠር ሲሆኑ ተገልጿል።)



የዛሬው ርእሴ ወጣቶች በከተማ ፕላንና በአካባቢ አስተዳደር ውስጥ የነበራቸውና ያላቸው ድርሻ ነው። የታሪክ መምህር በመሆኔ ስለ ነገ ከመናገሬ በፊት ወደ ኋላ ማየት ግዴታዬ ነው።

ከተማችን ስሟን የምትጋራው ከአንድ በዓል ጋር ነው። ራስ ጉግሳ መርሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መቀመጫቸውን በዚህ ተራራማ ስፍራ ሲያደርጉ፣ የከተማዋ መጠሪያ የሆነው የደብረ ታቦር ነው፤ በዓሉም ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው፣ በሕዝብ አጠራር ቡሄ የምንለው ነው። ቡሄ ደግሞ የልጆች በዓል ነው። እኔም በልጅነቴ ከአቻዎቼ ጋር ዱላዬን ይዤ ከበር ወደ በር የዞርሁ ነኝ። ያ ቡድን የራሱ ሥርዓት ነበረው። አውራጅ ነበረው፤ ተቀባይ ነበረው፤ ሙልሙሉን የሚይዝና በመጨረሻ ሳያዳላ የሚያካፍል ታማኝ ልጅ ነበረው። የትኛው በር እንደሚከፈት፣ የትኛው ግቢ ተናካሽ ውሻ እንዳለው፣ በነሐሴ ዝናብ የትኛው ቦይ ሞልቶ መንገድ እንደሚዘጋ፣ ከየትኛው አጥር ጀርባ መተላለፊያ እንዳለ እናውቅ ነበር። ዛሬ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች «የነባራዊ ሁኔታ ጥናት» የሚሉትን ነገር እኛ በየዓመቱ በእግራችን እናካሂደው ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ሙልሙሉን ተካፍለን ስንበተን ያወቅነውን የጠየቀን አዋቂ አልነበረም።

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በዚህ ደጋ ምድር ከተማ ሲቆረቆር፣ ሲፈርስ፣ ሲታደስም ወጣቶች ያልተጠሩበት ዘመን የለም። ሆኖም ደጋግመው የተጠሩት ለጉልበታቸው ነው፤ ቃላቸው የተጠየቀበትን ጊዜ መፈለግ አድካሚ ነው። የዚህም ዋጋ ዛሬ በከተማችን ላይ ይታያል።

የደቀ መዛሙርት መንደር

ከነገሥታቱና ከመሳፍንቱ ከተማ በፊት፣ በዚህ አገር ወጣቶች ራሳቸው የሚሠሩትና የሚያስተዳድሩት ሰፈር ነበር፤ ዛሬም አለ። እርሱም የአብነት ትምህርት ቤት ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም በድጓ ምስክርነቷ በመላ አገሪቱ የታወቀች ናት። ከሩቅ አገር አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ የመጣ ተማሪ እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው የተዘጋጀ መኖሪያ የለም። ጎጆውን የሚቀልሰው ራሱ ነው፤ ወይም ከቀደሙት ጋር ተዳብሎ ይገባል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል። እንጨትና ውኃ በተራ ይመጣል፤ የታመመውን ጓደኛው ያስታምመዋል፤ ጠብ ሲነሳ በመጀመሪያ የሚያዩት የዕድሜ እኩዮቹ ናቸው፤ መምህሩ የሚገቡት ነገሩ ሲከፋ ነው።

ይህን ስል የቆሎ ተማሪን ኑሮ ማስዋብ አልፈልግም። ረኃቡም፣ የውሻው ንክሻም፣ ተስቦውም እውነት ነው። ሆኖም «ወጣት ራሱን በራሱ ማስተዳደር ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው» ለሚሉ ወገኖች መልሴ ይኸው ነው። ገና ጺማቸው ያላቀመቀመ ልጆች መንደር መሥርተው፣ ሥራ ተከፋፍለው፣ ሕግ አውጥተው ለመቶ ዓመታት ኖረውበታል። ልማዱ ከእኛው ዘንድ ነው፤ የጎደለው ከጎጆው መንደር ወደ ከተማው አደባባይ መሻገሩ ነው።

ጋፋትና የመንገዱ ድንጋይ

ሁለተኛው ምዕራፍ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ከዚህ ጥቂት ርቀት ላይ ባለችው ጋፋት፣ ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፓውያን ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ማሠራታቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወጣት ኢትዮጵያውያንም ከእነዚህ ባለሙያዎች ሥር ሆነው ሠርተዋል፤ ተምረዋልም። በ1867 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ሠራዊቱ ገደሉን እየናደ፣ መንገዱን እየጠረገ፣ መድፉን እየጎተተ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶበታል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መሥራታቸውን የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እወስዳለሁ። አንደኛ፣ የዚያ ዘመን ከተማ እንደ ጦር ሰፈር ነበረች፤ ንጉሥ ሲሰፍር ትቆማለች፣ ሲነሣ ትጠፋለች። ፕላኗ ያለው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ያን መንገድ የጠረጉት እጆች በአብዛኛው የወጣት እጆች ነበሩ፤ መንገዱ ወዴት ይሂድ የሚለውን የወሰኑት ግን እነርሱ አልነበሩም። ንጉሥ እንኳ ድንጋይ በተሸከመበት መንገድ ላይ፣ ሥራው የጋራ ሲሆን ውሳኔው የብቻ ነበር። ይህ ልማድ ከቴዎድሮስ ጋር መቅደላ ላይ ቢቀር መልካም ነበር፤ አልቀረም።

ማዘጋጃ ቤትና ባለ ርስቱ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ጎንደር ሆነ፤ ደብረ ታቦርም የአውራጃ ከተማ ሆና ቀረች። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብና በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ከተሞችን ለመጀመሪያ ጊዜ በዘመናዊ ሕግ አደራጇቸው። አዲስ አበባና ጎንደር በአንድ ደረጃ፣ ሌሎች ከተሞች በሌላ ደረጃ ተመደቡ። በምክር ቤቱ ጉዳይ ቃል የነበረው ግን በከተማው የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለው ሰው ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመራጩን ዕድሜ 21፣ የተመራጩን 25 አደረገ፤ ለተመራጩም የንብረት ባለቤትነትን ጨመረ።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን፣ ወጣቱን ያገለለው ዕድሜው ብቻ አለመሆኑን ነው። አባቱ በሕይወት ያለ ወጣት ቤትና ቦታ የለውም፤ ቤትና ቦታ የሌለው ደግሞ በከተማው ጉዳይ አይጠየቅም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ብሂል በሕግ ቋንቋ ተጽፎ ተቀመጠ ማለት ይቻላል። በዚያው ዘመን ግን መንግሥት ትምህርት ቤቶችን እየከፈተ ነበር። ማንበብና መጠየቅ እያስተማሩ መናገርን መከልከል ለረዥም ጊዜ አይዘልቅም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ፣ ማንም ያልጠየቃቸው ቃል በራሱ ጊዜ ወጣ።

1967፦ በሩ የተከፈተበትና የተዘጋበት

በታሪካችን ወጣቱ ለአካባቢ አስተዳደር እጅግ የቀረበበት ወቅት 1967 ዓ.ም. ነው። በታኅሣሥ ወር የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀምሮ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠርና ወደ ትናንሽ ከተሞች ተሰማሩ። ፊደል አስቆጠሩ፤ የገበሬ ማኅበራትን አደራጁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ተወሰነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ትርፍ ቤቶች የሚያስተዳድረው አዲስ የተቋቋመው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ ሆነ። በ1937 ዓ.ም. የቆመው የንብረት አጥር በአንድ ቀን ፈረሰ። ተከራዩም፣ አባቱ ቤት የሚኖረው ወጣትም በሰፈሩ ጉዳይ ተሰብሳቢ ሆነ።

ብዙ ጊዜ ስለ ቀበሌ ስንናገር ከመጨረሻው እንጀምራለን። እኔ ከመጀመሪያው መጀመር እወዳለሁ፤ ያ አጀማመር በቤተሰብ ውስጥ ስለምናቀው እንኳ በቅጡ አልተጠናም። የቀበሌ ሱቅ፣ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት፣ የቀበሌ ቤተ መጻሕፍት፣ የጋራ የውኃ ቦኖ በብዙ ከተሞች የተጀመሩት ያን ጊዜ ነው፤ በዚህም የወጣቶች እጅ ብቻ ሳይሆን ሐሳብም ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ይታወቃል። በ1969 ዓ.ም. ቀበሌዎች የአብዮት ጥበቃ ጓዶችን አስታጠቁ። በዚያው ዓመትና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ሰፈሩን እናሻሽል ብሎ የተሰበሰበው ወጣት በአንድ ወገን ጠመንጃ ያዥ፣ በሌላው ወገን ታሳሪና ሟች ሆነ። የቀበሌ አዳራሽ፣ ያው አዳራሽ፣ ማሰሪያ ቤት ሆነ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም በ1970 ዓ.ም. ከቀበሌ ተጠርቶ ሄደ፤ አልተመለሰም። እኔ በ1970ዎቹ አጋማሽ የቀበሌያችን የኪነት ጓድ አባል ሆኜ ነበር፤ በ1972 ዓ.ም. በተመሠረተው በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ሥር የሚደረገውን ሁሉ እንደ እኩዮቼ አደርግ ነበር። ለልምምድ ስወጣ እናቴ በር ላይ ቆማ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለኝ ነበር። «ልጄ፣ ዝፈን፤ ብቻ አትናገር።»

ይህን የምነግራችሁ ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። እንደ ታሪክ ባለሙያ አንድ ነገር ስለሚያስረዳልኝ ነው። «የዛሬ ወጣት በስብሰባ አይናገርም፤ ግዴለሽ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ዝምታው ግን ግዴለሽነት ላይሆን ይችላል፤ ውርስም ሊሆን ይችላል። በብዙ ቤት ያለ እናት ይህንኑ ቃል ተናግራለች። ዝፈን፣ ተሰለፍ፣ አጨብጭብ፣ አትናገር። ወጣቱን በአስተዳደር እናሳትፍ የሚል ማንኛውም ዕቅድ ይህን ውርስ ሳይቆጥር ከተነሣ፣ አዳራሹ ይሞላለታል እንጂ ቃል አያገኝም።

ኮብልስቶንና ሕገ መንግሥት

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደብረ ታቦር የደቡብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆነች። ሕጉ ተሻሻለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 የሞላውን ሁሉ መራጭ አደረገ፤ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዘዘ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣትን ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ብሎ ተረጎመ፤ በውሳኔ መሳተፉንም መብት አደረገ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን ዐዋጅ ቁጥር 574 የመዋቅራዊ ፕላን ዘመን 10 ዓመት እንዲሆን፣ ፕላኑም ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ደነገገ።

ከተማዋ በዚያው ጊዜ ታድግ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የደብረ ታቦር ነዋሪ ከ22 ሺህ ጥቂት የበለጠ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ55 ሺህ በልጧል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ከተማዋን እንደ ዘንግ አስረዘማት፤ የዩኒቨርሲቲው መከፈት ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን በአንድ ጊዜ አመጣላት።

ወጣቱስ በዚህ ዕድገት ውስጥ ምን ሆነ? በብዙ ከተሞቻችን ድንጋይ ፈላጭና አንጣፊ ሆነ። የኮብልስቶን ሥራ ለብዙ ሥራ ፈላጊ እንጀራ ሆኗል፤ ይህን አላቃልልም፤ ከዚህ አዳራሽ ተመራቂዎችም የሠሩበት አሉ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመደብ ወጣቱ ተበዳሪ ሆነ። ነገር ግን የትኛው መንገድ ቀድሞ ድንጋይ ይልበስ፣ ቦዩ በየት ይለፍ፣ ወረፋው በየትኛው ቀበሌ ይጀመር ሲባል ድንጋዩን የፈለጠው ልጅ አልተጠየቀም። ከጋፋት እስከ ኮብልስቶን መቶ ሃምሳ ዓመት ነው፤ ድንጋዩ ተለወጠ፣ ደመወዝም ተጨመረ፣ ውሳኔው ግን ባለበት ነው።

በአንዲት የዞናችን ከተማ፣ ስሟን መጥራት አያስፈልግም፣ በመዋቅራዊ ፕላን ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። ካርታው በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቀለሙ ያምራል። ወጣቶች ነበሩ፤ መታወቂያ ያድላሉ፣ ውኃ ያቀርባሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ። ከሰዓት በኋላ አንዲት የመሰናዶ ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ትምህርት ቤታቸውን ከገበያው የሚለየው ወንዝ ላይ ድልድይ በካርታው ለምን እንደሌለ ጠየቀች። በክረምት ለመሻገር ጫማቸውን እንደሚያወልቁ፣ አንዳንድ ጊዜም እንደሚቀሩ ነገረችን። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው «ጥሩ አስተያየት ነው» አሉ፤ አንድ አዛውንትም በቀስታ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» አሉና ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከስብሰባው ወጥቼ ስመለስ ነው የገባኝ፦ በዚያ ቀን ከቀረቡት አስተያየቶች ሁሉ በካርታው ላይ ቦታ ያለው፣ ሊለካና ሊሠራ የሚችል ጥያቄ የእርሷ ብቻ ነበር። ቃለ ጉባኤው በኋላ ሲደርሰኝ «ወጣቶችና ሴቶች ተሳትፈዋል» ይላል። ድልድዩ አልተጻፈም።

ሮጀር ሃርት የተባሉ ምሁር በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለዩኒሴፍ ባዘጋጁት ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ በስምንት እርከን መሰላል መስለውታል። የታችኞቹ ሦስት እርከኖች ማታለል፣ ማስዋቢያ ማድረግና ለስም ያህል ማሳተፍ ናቸው፤ እነዚህን ተሳትፎ ብለው አይቆጥሯቸውም። ያን ቀን እኛ በየትኛው እርከን ላይ እንደነበርን መፍረዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

አንድ የሒሳብ ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደረስሁ። በ2000 ዓ.ም. በአገራችን ለአካባቢ ምክር ቤቶች ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫዎች ለምርጫ ቀርበው ነበር። የመጨረሻው አገር አቀፍ የአካባቢ ምርጫ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ምክር ቤቶች በቀር አልተደረገም። ዛሬ 2017 ነው። ፖሊሲያችን ወጣት ከሚለው የመጨረሻውን፣ 29 ዓመት የሆነውን እንውሰድ፤ ያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ በዚህች ከተማ ዛሬ በሕግ «ወጣት» ተብሎ ከሚጠራው መካከል የቀበሌውን ወይም የከተማውን ምክር ቤት አባል መርጦ የሚያውቅ አንድም የለም። ግዴለሽ ሆኖ አይደለም፤ ምርጫ ሳጥኑ ስላልቀረበለት ነው።

የመዋቅራዊ ፕላን ዘመን ደግሞ 10 ዓመት ነው። ዛሬ 15 ዓመት የሆናት ልጅ ፕላኑ ሲያበቃ 25 ዓመት ይሆናታል። ትምህርቷን የምትጨርሰው፣ ሥራ የምትፈልገው፣ ትዳር የምትይዘው፣ ቤት የምትሻው በዚያ ካርታ ውስጥ ነው። ፕላኑን ከሚወያዩበት ሁሉ ይልቅ ረዥም ጊዜ የምትኖርበት እርሷ ናት። ካርታው ለእርሷ ቦታ ካልተወላት በሊዝ ጨረታ አትወዳደርም፤ ከከተማው ዳር ጨረቃ ቤት ትሠራለች፤ ወይም አገር ጥላ ትሄዳለች። ጨረቃ ቤት ሕገ ወጥ ነው፤ ይሁንና በአንድ በኩል ሲታይ፣ በቀን ያልተጠየቀ ትውልድ በሌሊት የሚያወጣው ፕላን ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የታሪክ ሰው መፍትሔ ሲያወጣ ቁጥብ መሆን አለበት። ሦስት ነገር ብቻ እላለሁ።

አንደኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። እኛ ሕዝብን የምንጠይቀው ካርታው ካለቀ በኋላ ነው። ኬቪን ሊንች በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በዩኔስኮ ድጋፍ፣ በአርጀንቲና፣ በአውስትራሊያ፣ በሜክሲኮና በፖላንድ ከተሞች የታዳጊዎችን የከተማ አኗኗር ያጠኑት ሰፈራቸውን ራሳቸው ሥለው እንዲያሳዩ በማድረግ ነበር። እኛ ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገንም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉን፤ የምሕንድስና፣ የጂኦግራፊና የታሪክ ተማሪዎች አሉን። ጥናቱ ሲጀመር ቦዩንና መሻገሪያውን፣ በሌሊት የሚያስፈራውን መንገድ፣ ለኳስ የቀረውን ሜዳ እነርሱ ይመዝግቡ።

ሁለተኛው የመልስ ጉዳይ ነው። ለተነሣ ጥያቄ ሁሉ የጽሑፍ መልስ ይሰጥ፤ ተቀብለናል ወይም አልተቀበልንም፣ ምክንያቱም ይህ ነው ይባል። ወጣቱ ሁሉን እሺ እንዲሉት አይጠብቅም። መልስ የሌለው ጥያቄ ግን ለሁለተኛ ጊዜ አይጠየቅም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው፤ ደኅንነት ነው። ክልላችን ያለበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን። ወጣት ሆኖ በመገኘት ብቻ ጥርጣሬ በሚያድርበት ወቅት «ኑ ተናገሩ» ማለት ቀላል ጥሪ አይደለም። በስብሰባ የተናገረው ቃል በሌላ ቀን የማያስጠይቀው መሆኑን ሊያረጋግጥለት የሚችል አካል ካልቆመ፣ የእናቴ ምክር ዛሬም ትክክለኛ ምክር ነው። ይህ እንዲለወጥ እመኛለሁ፤ ተለውጧል ብዬ ግን ልዋሻችሁ አልችልም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ሽማግሌዎችን ያቃለልሁ እንዳይመስላቸው አንድ ቃል ልጨምር። የቀድሞው ወንዝ በየት ይፈስ እንደነበር፣ የትኛው መሬት እንደሚንሸራተት፣ የቀብሩና የገበያው ቦታ ታሪክ የሚገኘው ከአባቶችና ከእናቶች ነው፤ ያለ እነርሱ ፕላን መሥራት ድፍረት ነው። ነገር ግን ሽማግሌ የነበረውን ይመሰክራል፤ ፕላን ደግሞ ለሚሆነው ነው። ሁለቱ ምስክሮች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ ነው የምለው።

ያቺን ተማሪ ዳግመኛ አላገኘኋትም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ይሆናል። ባገኛት ስለ ሳቄ ይቅርታ እጠይቃት ነበር።

ንግግሬን እዚህ ላይ አበቃለሁ። በልማዳችን ጥያቄና አስተያየት ከፊት ወንበር፣ ከመምህራንና ከኃላፊዎች ይጀምራል። መድረክ መሪው ቢፈቅዱልኝ ዛሬ ከኋላ ይጀምር። ግድግዳውን ተደግፋችሁ የቆማችሁት፣ ወንበር ያልደረሳችሁ ተማሪዎች ቀድማችሁ ተናገሩ፤ እኛ እንጽፋለን።